አራተኛ ዙር

ሮንዳ ናፕኪኗን ስታነሳ እጇ ላይ ቀለለባት። ማቀፊያው የለም።

በሐረጉ ቤት ሰኞ ማታ ልጃገረዶቹ ሁሉ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ነው ራት የሚቀርቡት። እያንዳንዷ የራሷ ወንበር አላት፤ ከሳህኗ በስተግራም ናፕኪኗ ተጠቅልሎ፣ ቁጥሯ በተቀረጸበት የብር ማቀፊያ ታቅፎ ይጠብቃታል። የሮንዳ ቁጥር አሥራ ሰባት ነው። እናቷ ወይዘሮ ኦድሪም ከሠላሳ ዓመት በፊት እዚሁ ኮሌጅ ሲማሩ፣ የዚሁ የእህትማማቾች ማኅበር አባል ሆነው እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው በልተዋል። ቁጥር እንኳ በውርስ ይተላለፋል፤ የሐረጉ ቤት እንዲህ ያለ ቤት ነው።

ዛሬ ግን ናፕኪኑ የታሰረው በነጭ የስፌት ክር ነው። ስትፈታው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ጭኗ ላይ ወደቀ።

ወረቀት መውደቁስ አልገረማትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ናፕኪን ውስጥ ወረቀት ስታወጣ ኖራለች። ገበታውን የሚዘረጋው ኤልደን ነዋ! ኤልደን ቀን ቀን እንደ እሷው ተማሪ ነው፤ ስለ አፈርና ስለ ዘር ያጠናል። ሲመሽ ነጭ ኮት ለብሶ ለሐረጉ ቤት ልጃገረዶች ሾርባ ያቀርባል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሳህን ያጥባል፤ በምትኩ ከወጥ ቤቱ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል። ታዲያ የቤቱ ደንብ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። ከቤቱ ሠራተኛ ጋር ፍቅር የጀመረች እህት ደረቷ ላይ የምትሰካውን የወርቅ ምልክት መልሳ ከማኅበሩ ትወጣለች፤ ሰውየውም በዚያው ቀን ይሰናበታል። ለዚህ ነው ሁለቱ በናፕኪን ሲጻጻፉ የኖሩት።

ዛሬ ሾርባውን የያዙት የቤቱ ኃላፊ እማማ ኦፓል ራሳቸው ናቸው። ሽርጣቸውን አገልድመው፣ እያንጠባጠቡ ያቀርባሉ። ሮንዳ ይህን አየችና ወረቀቱን ከጠረጴዛው ሥር ዘረጋችው።

«ሮንዳ፣

እማማ ኦፓል ዛሬ ከሰዓት ሻማ ይዘው መጡና ‹አንተ እጅህ ንጹሕ ነው፣ ቋጠሮም ታውቃለህ፤ ይህን ቀለበት ሻማው ላይ በሪባን እሰርልኝ› አሉኝ። የማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሣጥኑ ላይ ‹ለሮንዳ፣ ከክሬግ› ይላል። አሰርኩት። እንደምታውቂው የእኔ ቋጠሮ አይላላም።

በወጥ ቤቱ በር ክብ መስታወት ሦስት ዓመት አይቻችኋለሁ። እዚህ ቤት ምን እንዳገኘሽ አውቃለሁ። ያን ሁሉ የማሳጣሽ ሰው መሆን አልፈልግም። ሥራዬን በአሥራ አንድ ሰዓት በጽሑፍ ለቅቄያለሁ። በአንድ ሰዓት ከአርባው አውቶቡስ ወደ ቴክሳስ እወርዳለሁ፤ ከስንዴ አጫጆቹ ጋር እስከ ካናዳ ድንበር እያጨድኩ እወጣለሁ። ወደዚህ ኮሌጅ የምመለስ አይመስለኝም።

ሻማውን ስታጠፊው ደስ ብሎሽ አጥፊው።

ውሃ ቀጂው።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ስታነብ ፊቷ ጋለ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የእናቶች ቀን በዓል ነበር፤ እናቶች ሁሉ መጥተው ከልጆቻቸው ጎን ተቀምጠው ይበላሉ። ኤልደን ውሃ እየቀዳ ሮንዳ ጋ ሲደርስ ሳያስበው ፈገግ አለ። ወይዘሮ ኦድሪ ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር ከዓይናቸው አያመልጥም።

«ይሄ ልጅ ማነው? ያውቅሻል እንዴ?» አሏት ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀንሱ።

«ማን? እሱ? ማንም አይደለም እማዬ። ውሃ ቀጂው ነው» አለች ሮንዳ።

ኤልደን አጠገቧ ቆሟል። ብርጭቆዋን እስከ አፉ ሞላው፣ ሁለት በረዶ ጨመረበት፣ አለፈ። ተሳድቦ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ይቅርታ ልትጠይቀው ሦስት ወረቀት ጽፋ ሦስቱንም ቀደደቻቸው።

የክሬግ ነገርስ? የክሬግ እናትና የሮንዳ እናት አብረው የዚህ ቤት እህቶች ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ገና በአንቀልባ ሳሉ ነው ያጫጯቸው ቢባል ውሸት አይሆንም። ባለፈው ቅዳሜ ክሬግ ምሳ ላይ በሁለቱ እናቶች ፊት «ታገቢኛለሽ?» ሲላት ሮንዳ «እስቲ ላስብበት» ብላ አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ ኦድሪ ያንን የደፋችውን አንገት እንደ እሺታ ቆጠሩት። ዛሬ ጠዋት ለእማማ ኦፓል ስልክ ደውለው ሻማ አዘዙ፤ የክሬግን ቀለበትም ላኩ። እማማ ኦፓል ደግሞ ከነቀለበቱ ለኤልደን ሰጡት። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ጥፋቱ ግን ተፈጸመ።

«ገበታ ላይ ወረቀት አይነበብም» አለ አንድ ድምፅ በጆሮዋ።

ግሬታ ናት፣ አሥራ ስምንት ቁጥር። የማኅበሩ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ። ደንቡን ከነነጥቡ በቃሏ የምታውቅ፣ ቀሚስ በጣት የምትለካ፣ ልጆቹ በሌለችበት «ሳጅን» የሚሏት። ሮንዳ ወረቀቱን ጨበጠችው።

«እኔ... የቤት ሥራ ነው።»

«የቤት ሥራ በክር ታስሮ ሲመጣ ገና ማየቴ ነው» አለች ግሬታ። ሾርባዋንም ቀጠለች።

አበቃልኝ አለች ሮንዳ በልቧ። በዚያው ቅጽበት እማማ ኦፓል ደወሉን አነሱ።

«ልጆች! ዛሬ ሻማ አለ!»

ቤቱ በጩኸት ተናወጠ።

* * *

ሻማ አለ ማለት፣ ከእህቶቹ አንዷ ምስጢር አላት ማለት ነው። አርባ ሁለቱም ትልቁ ሳሎን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ክብ ይሠራሉ። መጋረጃው ይዘጋል፣ በሩ ይዘጋል፤ ሳይሸፈን የሚቀረው የወጥ ቤቱ በር ክብ መስታወት ብቻ ነው። አንድ የበራ ሻማ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የመጀመሪያው ዙር የእህትነት ነው፤ ማንም አያጠፋውም። በሁለተኛው ዙር የምታጠፋ፣ ወዳጇ የራሱን ማኅበር ሐብል ለቃል ኪዳን አንገቷ ላይ አስሮላታል። በሦስተኛው ዙር የምታጠፋ ታጭታለች። ሻማው እስኪጠፋ አይወራም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሻማው ሳይጠፋ ከክቡ የሚወጣ የለም።

ወይዘሮ ኦድሪ ለዚሁ ብለው መጥተው፣ ዕንቁአቸውን አድርገው፣ ከክቡ ውጪ ምድጃው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ለልጃቸው በጣታቸው ሰላምታ ሰጧት። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ የእውነት ስለሆነ ሮንዳን የበለጠ አስጨነቃት። ባለቤታቸውን ከቀበሩ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየቻቸውም።

ከምድጃው በላይ ያለው ሰዓት አሥራ ሁለት ከሃምሳ ይላል።

ሻማው ተነሣ። ቀለበቱ በነጭ ሪባን ከሥሩ ተንጠልጥሎ ያብለጨልጫል። አዎ፣ ቋጠሮው የእሱ ነው፤ ሮንዳ የትም ብታየው ታውቀዋለች።

የመጀመሪያው ዙር ሲሄድ ብርሃኑ ያረፈበትን ፊት ሁሉ በዓይኗ ተከተለች። እዚህ ቤት ስትገባ በሦስት ሰው ፊት ስሟን መናገር የማትችል ልጅ ነበረች። ያቺ ከሷ ትይዩ የቆመችው ባለ ጠቃጠቆዋ ታሚ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ፣ አንድ ክረምት ሙሉ በየምሽቱ ከሳሎኑ ጥግ ቆማ መናገር አስጠንታታለች። ሮንዳ በቀጭን ድምፅ ስታነብ ታሚ «አልሰማሁም! ለኋለኛው ወንበር!» ብላ ትጮህባት ነበር። ስትስቅ ስታለቅስ ድምፅ አወጣች። ከታሚ ቀጥላ ያለችው ደግሞ፣ ሮንዳ ኬሚስትሪ ስትወድቅ አብራት ያነጋችው ናት። የሮንዳ አባት የሞቱ ጊዜ ደግሞ በረዶ መንገዱን ዘግቶት ነበር፤ ከእህቶቿ አሥራ አንዱ በሁለት መኪና ተጨናንቀው ስድስት ሰዓት ነድተው መጡ። መቃብሩ ዳር ከኋላዋ ቆመው የጫማቸው ተረከዝ በረዶው ውስጥ ሲሰምጥ አንዳቸውም ወደ መኪናው አልተመለሱም። ከነዚያ መኪኖች አንዱን የነዳችው ግሬታ ነበረች።

ሰው ለነዚህ እህቶች ምን ይከፍላል? ኤልደን እንዳለው ነው። ያገኘችውን እሱም ያውቃል።

ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። አንድ ሰዓት ሆነ።

በዚህኛው ዙር እሱን ብቻ ነው ያሰበችው። የመጀመሪያው ወረቀቱ «ዛሬ ሾርባው ጨው በዝቶበታል፤ አትብዪው» የሚል ነበር። ፍቅር በዚህ ይጀምራል ብሎ ማን ያስባል? ቀጥሎ ስለ አባቱ የስንዴ ማሳ ጻፈላት፤ ቀጥሎ ፈተና ላይ እንድትበረታ፤ ቀጥሎ አንድ ቀን «ቁጥር አሥራ ሰባትን ስወለውል ሰዓት ይፈጅብኛል» አለ። ከእጁ ሁልጊዜ የሳሙና ሽታ አይጠፋም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እጇን ይዞ እንደያዘው ቀረ፤ ሁለቱም ምን እንደሚደረግ አላወቁም።

አንድ ሰዓት ከአሥር። ሻማው ሁለተኛውን ዙር ጨርሶ ሦስተኛውን ጀመረ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ መታጨት ነው ማለት ነው። ዓይኖች ከፊት ወደ ፊት ዘለሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ሮንዳ ላይ አረፉ፤ የእናቷን ፈገግታ እያዩ ነው ያወቁት።

ሻማው እጇ ገባ። ሰሙ ጣቷን አቃጠላት። ወይዘሮ ኦድሪ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፣ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው።

እፍ ካለች ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል። እናቷ ደስ ይላቸዋል፣ እህቶቿ ይከቧታል፣ ክሬግም ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ሮንዳ ሻማውን ለግሬታ አሳለፈችው።

«እንዴ!» አለ አንድ ሰው። የሐረጉ ቤት ከተሠራ ጀምሮ ሻማ አራት ጊዜ ዞሮ አያውቅም።

«ሮንዳ፣ የኔ ልጅ፣ ረሳሽው» አሉ ወይዘሮ ኦድሪ፣ መሳቅ እየሞከሩ። «እፍ በይው እንጂ!»

«እሽሽ!» አሉ እማማ ኦፓል። «ሻማው አልጠፋም፤ አይወራም!»

ግሬታ ሻማውን ይዛ አንድ አፍታ ሮንዳን አየቻት። ምን እንዳሰበች ከፊቷ አይነበብም። ከዚያ ለቀጣይዋ ሰጠች። ሦስተኛው ዙር አልቆ አራተኛው ተጀመረ። አንዳንዷ ተቆጥታለች፣ አንዳንዷ ፈርታለች፣ አንዷ ደግሞ ምክንያቱ ሳይገባት ታለቅሳለች። ሻማው ታሚ ጋ ሲደርስ ታሚ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ «አይዞሽ» አለች።

ሮንዳ ሰዓቱን አየች። አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት። ሻማው ተመልሶ እጇ ገባ።

«ይህ ቀለበት...» አለች። ድምፅዋ እንደ ድሮው ቀጥኖ ጠፋ።

ያኔ ከክቡ ማዶ ታሚ ባለ በሌለ ድምፅዋ ጮኸች።

«አልሰማሁም! ለኋለኛው ወንበር!»

ሮንዳ ሳቀች፤ ሳቁ ከእንባ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። ቀና አለች።

«ይህ ቀለበት የእኔ አይደለም! ክሬግን አላገባም። እኔ የምወደው ኤልደን ፍሪሰንን ነው። ሁለት ዓመት ሆኖናል። ከሦስት ሳምንት በፊት እናቴ ማነው ስትለኝ ማንም አይደለም አልኳት፤ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ። የዋሸሁት ይህን ቤት እንዳላጣ ነው። እናንተ ናችሁ መናገር ያስተማራችሁኝ፤ እኔ ግን በተማርኩት አፍ እሱን ካድኩበት። ዛሬ ሥራውን ለቆ በአንድ ሰዓት ከአርባው አውቶቡስ ይሄዳል። እኔም ደንቡን አውቃለሁ።»

«የወጥ ቤቱን ልጅ?» አሉ ወይዘሮ ኦድሪ።

«ስም አለው እማዬ።»

«አባትሽ በሕይወት ቢኖር...»

«አባዬ ሲቀበር ከጎኔ የቆሙት እነዚህ ናቸው። የማጣውን ሳላውቅ የምናገር እንዳይመስልሽ።»

ወይዘሮ ኦድሪ ወደ ክቡ ቀረቡ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ያ ነበር የከፋው። «ደረትሽ ላይ ያለው የእኔ ምልክት ነው» አሉ።

ሮንዳ በአንድ እጇ ሻማውን እንደያዘች በሌላው ምልክቱን ነቀለች። ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት ቀሚሱን ጎተተችው። ምልክቱን እናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። ከዚያም የሪባኑን ቋጠሮ በጥርሷ ጭምር ታግላ ፈታችና ቀለበቱን ጨመረችበት። ወይዘሮ ኦድሪ ጨበጡት፣ ዞሩ፣ በሩን ከፍተው ወጡ። ሮንዳ የዚያን ያህል ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም።

«ደንቡን ላንብብ?» አለች ግሬታ።

«ኧረ በናትሽ ግሬታ፣ አሁን?» አለች ታሚ።

«አሁን ነዋ። ደንቡ የሚለው ‹ከቤቱ ሠራተኛ ጋር› ነው። እማማ ኦፓል፣ ኤልደን ስንት ሰዓት ላይ ነው የለቀቀው?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ» አሉ እማማ ኦፓል ግራ ተጋብተው። «ወረቀቱ ይኸው ኪሴ ውስጥ።»

«መልካም። ከአሥራ አንድ ሰዓት ወዲህ ሠራተኛችን አይደለም። እሷ የተናገረችው ደግሞ ገና አሁን ነው። የተጣሰ ደንብ አይታየኝም።»

«ሁለት ዓመት ሆኖናል አለች እኮ!» አለች አንዷ ከጥግ።

«እኔ አልሰማሁም» አለች ግሬታ ዓይኗን ሳትሰብር። «ለኋለኛው ወንበር አልደረሰም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጣ ስትበላ፣ ወረቀት ከናፕኪን ሲወጣ እያየች ዝም ያለችው ይቺው ሳጅን ነበረች። ሮንዳ ይህ የገባት ያኔ ነው። አቅፋት ልታለቅስ ፈለገች፤ ሻማው ከለከላት።

«አጥፊውና ሩጪ!» አለች ታሚ። «አሥራ አምስት ደቂቃ ነው ያለሽ!»

«እሱ ሳይሰማ አላጠፋውም።»

«ሻማው ሳይጠፋ ከክቡ መውጣት የለም» አሉ እማማ ኦፓል በጭንቀት።

ግሬታ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ክቡ ይሂድ» አለች።

* * *

የታሚ አባት መኪና ረጅምና አሮጌ ነው፤ ዘጠኝ ነጭ ቀሚስ ጠቅጥቀው ጫኑበት። የቀሩት በሌሎች መኪኖች ተከተሉ። የግንቦት ሙቀት ነው፣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ነፋስ ሻማውን እንዳያጠፋው መስኮት ሁሉ ተዘግቷል። ሻማው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው፤ ክብ ነዋ!

«ፀጉሬን! ፀጉሬን አቃጠልሽኝ!»

«ዝም በይ፣ ቅንድብሽ ብቻ ነው!»

ሮንዳ አልሳቀችም። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። የእህል ጎተራውን ማማ አልፈው ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ ቀይ መብራት በራ፤ ማገጃው ወረደ። የጭነት ባቡር። ስንዴ የሚያመላልስ፣ መጨረሻው የማይታይ። ታሚ መሪውን በግንባሯ መታችው። ሮንዳ ፉርጎዎቹን መቁጠር ጀመረች፤ ከአርባ በላይ ሲሆን ማየት ስላቃታት ዓይኗን ጨፈነች። በልቧ ፈጣሪን አይደለም የለመነችው፣ ኤልደንን ነው። ትንሽ ቆይ፣ ትንሽ ብቻ።

ጣቢያው ሲደርሱ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ፣ በሩን ሊዘጋ ነበር። ሮንዳ ሻማውን ይዛ ደረጃው ላይ ዘለለች።

«እሳት ይዘሽ የት ትገቢያለሽ አንቺ!» አለ ሹፌሩ።

ሻማውን ወደ ኋላዋ ለግሬታ አቀበለች። ሹፌሩ ከነጭ ቀሚሷ እስከ ጫማዋ አያት።

«ተሳፋሪ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው የምትፈልጊው?»

ጥያቄው ያው ነው። የእናቷ ጥያቄ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አይቷታል፤ ኤልደን በመጨረሻው ወንበር፣ ፊቱን ወደ ወዲያኛው መስኮት አዙሮ ተቀምጧል።

«ኤልደን ፍሪሰንን» አለች፤ ለኋለኛው ወንበር በሚደርስ ድምፅ። «የምወደውን ሰው።»

ኤልደን ዞረ። ቀስ ብሎ ተነሥቶ በወንበሮቹ መሐል መጣ። ፊቷን አላየም፤ ደረቷን ነው ያየው።

«ምልክትሽ የታለ?»

«እማዬ ወሰደችው።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ይሄን ፈርቼ እኮ ነው የሄድኩት፣ ሮንዳ።»

«እኔም ይሄን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። አሁን የፈራነው ደረሰብን። ይኸው ቆመናል።»

የተጎዳ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይመለስም፤ እሷም ይገባታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ድንጋይ ሆዷ ውስጥ የተቀመጠውን አወጣችው።

«ያን ቀን ‹ውሃ ቀጂው ነው› ስል ሰምተሃል። ከዚያ ብርጭቆዬን ሞላህልኝ። በረዶ ጨመርክበት። ለምንድነው?»

ኤልደን ጥያቄው የገረመው ይመስል ቀና ብሎ አያት።

«ጠምቶሽ ነበራ» አለ።

ሮንዳ በሰው ፊት ነው፣ በሹፌሩ ፊት ነው ሳትል ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ኤልደን የያዛት ያኔ ነው። ሸሚዙ አሁንም ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ልቡ ከጆሮዋ ሥር ይመታል፣ እንደሷው በፍጥነት። ሹፌሩ ሰዓቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ ሞተሩን አጠፋው።

ኤልደን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና አሥራ ሰባት ቁጥሩን የብር ማቀፊያ አወጣ። አፍሯል። «በሕይወቴ የሰረቅኩት ይሄን ብቻ ነው። ለእማማ ኦፓል መልሺላቸው።»

«አልመልስም። ይዘኸው ሂድ። ራስህ መጥተህ ትመልሳለህ።»

«ልሂድ?»

«ለአጫጆቹ ቃል ሰጥተሃል። ቃሉን የሚበላ ሰው ብትሆን እዚህ ድረስ አልመጣም ነበር።»

«ነሐሴ ሲጋመስ እጨርሳለሁ» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «ነሐሴ ሲጋመስ እዚህ ደረጃ ላይ እወርዳለሁ።»

ወደ በሩ ወረዱ። ውጪ እህቶቿ የአውቶቡሱን ደረጃ ከበው ክብ ሠርተዋል፤ ግሬታ ሻማውን በሁለት መዳፏ ከነፋስ ከልላ ይዛዋለች። አንድ ጣት ያህል ነው የቀረው። ኤልደን ሦስት ዓመት በክብ መስታወት ባየው ሥርዓት መሐል አሁን ራሱ ቆሟል።

«ስንተኛ ዙር ነው?» ሲል ጠየቀ በሹክሹክታ።

«ባቡሩ ጋ ቆጠራው ጠፋብን!» አለች ታሚ።

ሮንዳ ዓይን ዓይኑን እያየች ሻማውን እፍ አለችው። የሐረጉ ቤት ልጆች ጩኸት አንዱን መንገደኛ ሻንጣውን ከእጁ አስጣለው። ኤልደን ግን የሰማ አይመስልም፤ ስሟን ብቻ ደጋግሞ ይጠራል።

አውቶቡሱ ሲሄድ እስከ መታጠፊያው ቆማ አየችው። ደስታዋ ያማል። ቀሚሷ ላይ ምልክቱ የነበረበት ቦታ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ቀርቷል፤ ጣቷን ስታሳርፍበት ነው መንገዱ ማዶ የቆመውን መኪና ያየችው።

የእናቷ መኪና ነው። ወይዘሮ ኦድሪ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ወደ ፊት ያያሉ። ተከትለዋቸው መጥተዋል ማለት ነው። ባቡሩንም አብረው ጠብቀዋል። አልወረዱም። ግን አልሄዱምም።

ሮንዳ ፈራች፤ ከሳሎኑ የበለጠ ፈራች። መስታወቱን ስታንኳኳ ምን እንደምትል አታውቅም። ከኋላዋ የግሬታ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«እንጠብቅሻለን» አለቻት።

ሮንዳ መንገዱን ተሻገረች።